ነፋሱ ጋብ እስኪል

ይህን ልጽፍ ስቀመጥ ልጄ ከኋላዬ መጥታ «እማ፣ መጨረሻው ደስ ይላል?» አለችኝ። «አይልም» አልኳት። «ታዲያ ምን ይሠራልሻል?» ብላኝ ሄደች። እናንተም ከወዲሁ እወቁት፤ ደስ የሚል መጨረሻ የሚፈልግ ሌላ ገጽ ይግለጥ፤ አልቀየምም። እኔ ነገር ማሳመር አይሆንልኝም። ያየሁትን እንዳየሁት ነው የምነግራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። የምንኖረው ነፋስ ስልክ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ባለች አንዲት የቀበሌ ቤት ነበር፤ እኔና አባቴ ብቻ። እኔ ሃያዎቹን የጀመርኩ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ። ወርቅነሽ እባላለሁ፤ ፋብሪካ ውስጥ ግን «ምላሷ» ነበር የሚሉኝ። አባቴ ኤርሳዶ ይባላል። ከሆሳዕና ወዲያ ካለ ገጠር መጥቶ ዕድሜውን የሲሚንቶ ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው ነው። ተሸክሞት የኖረው ሲሚንቶ በመጨረሻ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሳሉ ሲነሳበት ከግድግዳው ማዶ ያሉት ጎረቤቶች እንኳን ወሬያቸውን ያቆማሉ። ሐኪሙ ራጁን ካየ በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ «ያማረውን አብዪው» አለኝ። ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሀገሩ ሁሉ ያውቃል።

አባቴን ያማረው ግን ምግብ አልነበረም። መጠመቅ ነበር ያማረው።

ጴንጤዎች ነን። በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠመቀው አምኖና ራሱ ጠይቆ ነው፤ ያውም መላ ሰውነቱ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ፣ አጥማቂው «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም» እያለ። ራስ ላይ ጠብ ማድረግ አይቆጠርም። በዚያ ዘመን የጸሎት ቤቶቻችን ታሽገው ነበር። የምንሰበሰበው ከሀና ማርያም ዝቅ ብሎ፣ ያኔ ገና የጤፍ ማሳ በነበረው ዳር፣ ወንድም ማርቆስ ቤት ነበር። ሬዲዮኑ ጮክ ብሎ ይከፈታል፤ ከላይ የአብዮት ማርሽ፣ ከሥር የእኛ መዝሙር በሹክሹክታ። ጮክ ብዬ መዘመር የቻልኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ድምፄ አስቀያሚ መሆኑንም ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

አባቴ ዘግይቶ ያመነ ሰው ነው። ቀድማ ያመነችው እናቴ ነበረች። ገጠር ሳሉ፣ እኔ ሳልወለድ፣ ከጥቂት ሴቶች ጋር ወንዝ ወርዳ ተጠመቀች። አባቴ በዚያን ጊዜ ጠጪ ነበር። ሰምቶ ጠበቃት፤ እርጥብ ልብሷን እንደለበሰች ስትመለስ በሩን ዘጋባት። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። እስኪነጋ ደጅ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም፣ አልለመነችውም። «ምነው በጮኸች ኖሮ» ይል ነበር አባቴ፤ «ብትጮህ ኖሮ እኔም እከፍት ነበር፣ ይህም አያንገበግበኝም ነበር።» መጠጡን ትቶ ያመነው እሷ ከሞተች በኋላ ነው። ወንድም ማርቆስ «የሚያድነው እምነት ነው እንጂ ውሃው አይደለም ጋሽ ኤርሳዶ፤ ጌታ ልብዎን ያውቃል» ሲለው የሚመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«እሷ ረጥባ ሄደች። እኔ ደርቄ ልሂድ?»

እኔም ገና አልተጠመቅሁም ነበር። «እጅ ለእጅ ተያይዘን እንገባለን» ተባብለናል፤ እኔና እሱ። ይህን አደራ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ያሰብነው በርሜል ነበር። ብዙ ወገኖቻችን በዚያ ዘመን የተጠመቁት በርሜል ውስጥ ነው። ወንድም ማርቆስ ባዶ የዘይት በርሜል አጥቦ አመጣልንና ጓዳ አቆምነው። ችግሩ ውሃው ነው። የቦኖ ውሃ በወረፋ ነበር፤ ለአንድ ቤት በቀን ስንት ባልዲ እንደተፈቀደ የታወቀ ነው፤ ጠባቂዋ እትዬ ዘነበች ደግሞ ባልዲ ሲቆጥሩ ዓይናቸው አይስትም። ደጋግሜ ስመላለስ ጊዜ «አንቺ፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ ይህ ሁሉ ውሃ ምን ሊሆን ነው?» አሉኝ። ምላሴ አላስቀምጥ አለኝና «አባቴን ላጥብበት» አልኳቸው። ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም። በነጋታው የቀበሌ ጥበቃ ቤታችን ገብቶ በርሜሉን በጣቱ እያንኳኳ ጠየቀን። እህል ልናስቀምጥበት ነው አልነው። ከዚያ ወዲያ ውሃ የሚባል ነገር ቤታችን ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያየን መሰለኝ፤ ነገሩን ተውነው። በአካባቢያችን ያሉት ወንዞች እንደሆኑ የፋብሪካ እጣቢ ነው የሚወርድባቸው።

መላውን ያገኘው ወንድም ማርቆስ ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኞች ክበብ የግዢ ሠራተኛ ነበር። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ጭቅጭቅ በየዓመቱ ክበቡ ውስጥ ይነሳል፣ በየዓመቱም የሚበሉት ያሸንፋሉ። እህቱ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ቡልቻ የሚባል ዓሣ አስጋሪ አግብታለች። ዓሣ ሊገዛ ነው ተብሎ የይለፍ ወረቀት ተጻፈለት፤ አባቴና እኔ ዓሣ ለማጠብና ለመጫን የተቀጠርን ሆንን። ኬላ ላይ ቢጠይቁን ጾም ነው፣ ዓሣ ነው፣ ክበብ ነው። ከአዲስ አበባ ሆኖ ላሰበው ከዚህ የተሻለ ሰበብ አልነበረም። ስህተታችንም እሱ ነበር። ጾሙ ሲገባ ዓሣው የት እንደሚገባ አንዳችንም አልጠየቅንም።

«ሚያዝያ ይሻል ነበር» አለ ወንድም ማርቆስ ከመሄዳችን በፊት። «አሁን ውሃው ይበርዳል። በእርስዎ ደረት...»

«ሚያዝያን የምደርስ ይመስልሃል?» አለው አባቴ። «ብርዱንም እሷ ቀምሳዋለች።»

ዝዋይ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከአውቶቡስ ስወርድ ነፋሱ ነጠላዬን ከአንገቴ ላይ ሊወስደው ታገለኝ። ቡልቻ ቀይ፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ መረብ ሲፈቱ ሲቋጥሩ የተጣመሙ ሰው ነበር። እውነቱን አስቀድሞ ያውቅ ነበርና ስለ ሰበባችን ስንነግረው ነው የደነገጠው።

«ዓሣ? በታኅሣሥ?» አለ። «አቦ ማርቆስ፣ ሌላ ነገር አጣህ? ውሃው ላዩ ሲበርድ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ወደ ታች ወርዶ ይተኛል። ካልተንቀሳቀሰ መረብ አይገባም። ይሄ ነፋስ ደግሞ መረቡን እንደ ገመድ ይጠቀልለዋል፤ እጅህም ይደነዝዝና ቋጠሮ አይፈታልህም። አሁን ሐይቁ ላይ ማንም የለም። እኛ መረብ እንጠግናለን፣ ሰርግ እንሄዳለን።»

«ማንም ከሌለማ ይሻላል» አለ ወንድም ማርቆስ።

«ማንም ሳይኖር ነው ሰው የሚታየው» አለው ቡልቻ።

ቢሆንም ተስማማን። እንደ እሱ አባባል ነፋሱ ንጋት ላይ ትንሽ ጋብ ይላል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው የሚብሰው። በዚያች መካከል ወንድም ማርቆስ ሦስታችንንም ዳር ላይ አጥምቆን እንወጣለን፤ ሦስተኛዋ የቡልቻ ሚስት ነበረች። እሷ ግን ያን ሌሊት ልጇ አተኮሰባትና ቀረች። ዛሬም ድረስ ያ ትኩሳት ምን ያህል እንደጠቀማት አስባለሁ።

ጎህ ሲቀድ ወደ ሐይቁ ወረድን። ጉሙ ውሃው ላይ ተኝቷል። ነፋሱ ግን ጋብ አላለም። ያን ጠዋት አላረፈም፤ ጉሙን እየቆራረጠ ይወስደዋል፣ ማዕበሉ ዳር ያለውን ደንገል እያጎነበሰ ይመጣል። ውሃው ውስጥ እጄን ሰደድሁ፤ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሳሉን ለማፈን ጋቢውን ነክሶ ይዟል። እኔ የያዝኩት ጥቅል ውስጥ ስንወጣ የምንቀይረው ደረቅ ልብስ ነበር፤ የእሱ ሸሚዝና የእኔ ቀሚስ።

«ትንሽ እንጠብቅ» አለ ቡልቻ። «ጋብ ሲል።»

ጠበቅን። የመጣው ግን ሊቀመንበሩ ነው።

የዚያ ሰፈር የአስጋሪዎች ማህበር ሊቀመንበር ነበር፤ ስሙን አልጽፈውም። ረጅም ካፖርት የለበሰ፣ ጎልማሳ፣ ከኋላው ጠመንጃ ያነገተ አንድ ሚሊሻ የተከተለው ሰው ነው። እንደ ካድሬ ጮክ ብሎ አልመጣም፤ ከብቱ የጠፋበት ሰው ይመስል እያየን፣ እያየን ቀረበ።

«እናንተ ከየት ናችሁ?»

«ከአዲስ አበባ ጓድ» አለ ወንድም ማርቆስ ወረቀቱን እያወጣ። «የፋብሪካ ክበብ ግዢ ነኝ። ጾም ስለሆነ ዓሣ ልንወስድ ነው።»

ወረቀቱን አላየውም። «ጾም መግባቱን ዓሣው አልሰማም» አለ። ሚሊሻው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አባቴን ተመለከተ፤ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ጥቅሉን። «ዓሣ የሚገዛ ሰው ከተማ ማህበሩ ጋ ይመጣል። ታማሚ ሽማግሌና ሴት ልጅ ይዞ በጎህ ሐይቅ ዳር አይቀመጥም። ምን ልትሠሩ ነው?»

ወንድም ማርቆስ ወረቀቱን አጥፎ መልሶ ዘረጋው። በሌላ ቀን ለሰባት ሰው የሚበቃ አንደበት ያለው ሰው ነው። እኔም ምላሴ ከድታኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ማጥመቅ ማለት ማሳደም ነው፤ አጥማቂው ይታሰራል፣ ያስጠጋውም ይታሰራል። ቡልቻ ነው የመለሰው።

«የሚሸጥ ዓሣ የለም ብላቸው እምቢ አሉኝ። ራሳቸው እያዩ መረብ ልጥልላቸው ነው።»

«በዚህ ነፋስ?»

«በዚህ ነፋስ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ሐይቁ ዞሮ ማዕበሉን አየ። ከዚያ «መልካም» አለ። «ጣሉ። እኔ እዚህ ሆኜ አያለሁ።»

በኋላ እንደገባኝ፣ እንሄዳለን ብሎ አልጠበቀም። በእንዲህ ያለ ቀን ጀልባ ግቡ ሲባል ማንም ሰው ይፈራል፤ ሲፈራም እውነቱን ያወጣል ብሎ ነበር ያሰበው። እሱ የማያውቀው አባቴን ነው። አባቴ ያን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ጋቢውን ከአፉ አወጣና «እንሄዳለን» አለ። ዓይኑ ያለው ከዳር ራቅ ብሎ ውሃው ውስጥ የገባው የደንገል ጥግ ላይ ነበር። ወዲያው ገባኝ። ከዚያ ጥግ ጀርባ ነፋሱ አይደርስም፤ ከዳር ያለ ሰውም አያይም፣ አይሰማም።

ጀልባዋ ዘንድ ስደርስ ሊቀመንበሩ እጁን ዘረጋ። «ልጅቷ እዚህ ትቆይ።»

«እኔም...» ብዬ ጀመርኩ። ምን ልበል? ዓሣ መያዝ እችላለሁ ልበል? አባቴ መጥቶ ትከሻዬን ያዘ። እጁ በረዶ ሆኗል።

«አንቺን ሌላ ቀን» አለኝ በቀስታ፣ በሀገራችን ቋንቋ።

«እጅ ለእጅ ነው የተባባልነው።»

«አውቃለሁ። ነፋሱ ጋብ ሲል፣ ሌላ ቀን።»

ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ ደረቅ ልብሱ እኔ እጅ ውስጥ እንደቀረ አስተዋልኩ።

እኔና ሊቀመንበሩ ዳር ላይ ጎን ለጎን ቆምን። ቡልቻ ይቀዝፋል፣ ወንድም ማርቆስ መረቡን ታቅፎ ተቀምጧል፣ አባቴ መካከል ላይ ነው። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ላይ እንደ ጨዋታ ነበር የያዘው። «አየሽ፣ አሁን ከደንገሉ ዳር አንድ ጊዜ ወርውሮ ይመለሳል» አለኝ። «ቡልቻ ሞኝ አይደለም።» ከዚያ ራሱም ዕድሜውን ሲያሰግር የኖረ ሰው መሆኑን ነገረኝ። በታኅሣሥ ማዕበሉ አጭርና ፈጣን እንደሆነ፣ ጀልባ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ካላቀና ከጎን እንደሚመታው፣ ሰው እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚከዳው እግሩ ሳይሆን ትንፋሹ እንደሆነ። ለእኔ ለማውራት ያህል ነው የሚነግረኝ። እኔ ግን እያንዳንዱ ቃል አባቴ ደረት ላይ ሲያርፍ ይታየኝ ነበር።

ጀልባዋ አልተመለሰችም። ደንገሉን አለፈች።

«ወዴት ነው?» አለ ሊቀመንበሩ። ድምፁ ተለወጠ። «ወዴት ነው የሚሄደው? እዚያ ጀርባ እኮ...» ወደ ውሃው ጠርዝ ሮጦ እጁን እያውለበለበ «ቡልቻ! ተመለስ!» ብሎ ጮኸ። ነፋሱ ድምፁን ወደ እኛው መለሰው። ጀልባዋ ከደንገሉ ጥግ ጀርባ ገባችና ጠፋች።

እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን ባልነግራችሁ ውሸታም እሆናለሁ። ደስ አለኝ። አሁን እየተጠመቀ ነው አልኩ በልቤ። ቅናትም ያዘኝ፤ ያለ እኔ ገባ። ከንፈሬ ላይ ቃሉን እየደገምኩ፣ በአብ፣ በወልድ እያልኩ፣ ከእሱ ጋር ያለሁ ለመምሰል ሞከርኩ።

«ከጀርባው ጭቃው ጥልቅ ነው» አለ ሊቀመንበሩ ለራሱ። «ነፋሱም ዞሮ ይመታል። ሰዎቹ ሊሞቱ ነው።» ወደ ሚሊሻው ዞረ። «ተኩስ! ወደ ሰማይ ተኩስ፣ ይስሙና ይመለሱ!»

ሚሊሻው ጠመንጃውን አውርዶ ወደ ሰማይ ተኮሰ።

ደንገሉ ውስጥ የነበሩ ወፎች ሁሉ ተነሱ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልነበረም። ጀልባዋ ስትወጣ ወደ ጎን ዘንበል ብላ፣ ቡልቻ ተንበርክኮ እየቀዘፈ፣ ወንድም ማርቆስ የሆነ ነገር በሁለት እጁ አቅፎ ነበር። መረብ መሰለኝ። መረብም ነበር፤ በመረቡ ውስጥ አባቴ ነበር።

ዳር ሲደርሱ ሊቀመንበሩ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጀልባዋን ጎተተ። የመረቡን ገመድ በቢላዋ ቆረጠ። ካፖርቱን አውልቆ አባቴን ጠቀለለበት። አባቴ ይተነፍሳል፤ ጥርሱ ይፋጫል፤ ከንፈሩ እንደ ሲሚንቶ ሆኗል። ሊቀመንበሩ እያለቀሰ ይሁን እየተቆጣ ባልለየሁት ድምፅ «ለምን ወደዚያ ዞራችሁ? ከዳር ትመለሳላችሁ ብዬ ነው እኮ! ማን ግቡ አላችሁ?» ይላል። እሱ ነው ያለን። ማንም አላስታወሰውም። ከዚያ የወንድም ማርቆስን እስከ ደረቱ የረጠበ ልብስ አየ፤ እኔ የታቀፍኩትን የወንድ ሸሚዝና የሴት ቀሚስ አየ። ያን ጊዜ ያወቀ ይመስለኛል። ሚሊሻውን «አንተ ሂድ» አለው። እኛንም «ሂዱ» አለን፤ «ዛሬ እዚህ ማንም አልመጣም።» ካፖርቱን መልሶ አልጠየቀም።

አዲስ አበባ ዓሣ ሳንይዝ ተመለስን። ወንድም ማርቆስ በሥራው ተወቅሶ ከግዢ ወደ መጋዘን ተዛወረ። አባቴ በአውቶቡሱ ውስጥ ሙሉውን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን ሰላም ነበረው። እኔም አልጠየቅሁም። ተጠምቋል ብዬ ነበር።

አባቴን ትኩሳት ከጀመረው በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ወንድም ማርቆስ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ አባቴ ዓይኑን ገለጠ።

«ቃሉን አልከው?»

ወንድም ማርቆስ የጋቢውን ጫፍ አስተካከለለት።

«ስገባ ጆሮዬ ውስጥ ውሃ ሞላና አልሰማሁም» አለ አባቴ። «ብለኸዋል አይደል?»

እስከ ዛሬ ወንድም ማርቆስ በዚያች ሰዓት ቢዋሽ ኖሮ እላለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ግን መዋሸት የማይችል ሰው ነበር፤ ለዚያ ነው አባቴም የሚያምነው።

«አላልኩም ጋሽ ኤርሳዶ» አለ። «ደግፌዎት ነበር፤ እጄን አንስቼ ነበር። ልጀምር ስል ተኮሱ። የደረሱብን መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለቀቅሁዎት። ቡልቻ ለሽፋን የጣለው መረብ ላይ ወደቁ። ከዚያ በኋላ ስምዎን ብቻ ነው የጠራሁት። ኤርሳዶ፣ ኤርሳዶ እያልኩ።»

አባቴ ፊቱን ወደ ጣሪያው አዞረ።

«እንግዲያስ መርጠብ ብቻ ነው የረጠብኩት» አለ።

ወንድም ማርቆስ ተንበርክኮ አለቀሰ። ስለ ልብ ተናገረ፣ ስለ ጸጋ ተናገረ፤ እውነት ነው የተናገረው ሁሉ። አባቴ በትህትና እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ «ውጪ ነፋሱ እንዴት ነው?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ሲድን ተመልሶ ሊሄድ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ የፋብሪካውን ጭስ አያለሁ፤ ወደ ጎን ከተጎተተ «ይነፍሳል አባባ» እለዋለሁ። «ጋብ ሲል» ይለኛል። ጭሱ በየቀኑ ወደ ጎን ነበር የሚሄደው።

ወንድም ማርቆስ «በርሜሉን እንሙላ» ያለው ያን ጊዜ ነው። አባቴ ተነስቶ መቀመጥ እንኳን አይችልም ነበር፤ ቢሆንም እኛ አቅፈን እናገባዋለን። ውሃውን በእሳት ለብ እናደርገዋለን። ከዕለት ድርሻችን እየቆጠብኩ፣ ሳላጥብ፣ ሳልታጠብ፣ በጆግ በጆግ በርሜሉ ውስጥ አጠራቅማለሁ። እትዬ ዘነበችን ተጨማሪ ባልዲ መለመን ፈራሁ፤ የቀበሌው ጥበቃ ትዝ ይለኛል። የበርሜሉን ጎን በጣቴ እያንኳኳሁ ውሃው የት እንደደረሰ አዳምጥ ነበር። የጥምቀት በዓል ሲደርስ ግማሽ ሆኖ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ወረደ፤ ሰዉ ጸበል ተረጭቶ እየዘፈነ በደጃችን ሲያልፍ አባቴ ያዳምጣል።

በማግስቱ ጠዋት አልጠየቀኝም። እኔ ግን ከልማዴ በር ላይ ወጥቼ ጭሱን አየሁ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ቅጠል አይንቀሳቀስም። «አባባ፣ ጋብ ብሏል!» እያልኩ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። ዓይኑ ክፍት ነበር፤ አልሰማኝም።

ጩኸቴን ሰምተው ጎረቤቶች መጡ። አስከሬኑ ይታጠብ ሲባል ባልዲ ይዤ ቦኖ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነበር። እትዬ ዘነበች ፊቴን ሲያዩ ሁሉን ተረዱና ቧንቧውን ራሳቸው ከፈቱልኝ። «ቅጂ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ለአስከሬን ወረፋ የለም። የፈለግሽውን ያህል ቅጂ።» ሴቶቹ ባልዲ በባልዲ እየተቀባበሉ ቤታችን ድረስ አመላለሱልኝ። የሚያጠራቅሙበት ሌላ ዕቃ ስላልነበረ በርሜሉ ውስጥ ገለበጡት። በዚያች ጠዋት በርሜሉ እስከ አፉ ሞላ። ለሕያው ያጣሁት ውሃ ለሬሳ ተረፈኝ።

ወንድም ማርቆስና የዕድር ሰዎች በዚያ ውሃ አጠቡት። ወንድም ማርቆስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ምን እንዳለ አልጠየቅሁትም፤ ለሞተ ሰው እንደማይባል ሁለታችንም እናውቃለን።

እንግዲህ ይህ ነው። ከዚህ ምን ተማርሽ የሚለኝ አይጠፋም። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሊያድነን ነው ያስተኮሰው። ወንድም ማርቆስ ፈሪ አልነበረም። ቡልቻ የሐይቁን ጠባይ ያውቃል። እትዬ ዘነበች የታዘዙትን ነው የሚቆጥሩት። ሁሉም ደግ ሆኖ ሳለ አባቴ የለመነው አንድ ነገር ቀረበት። ከዚህ ምን እንደሚማሩ የምታውቁ ካላችሁ እናንተ ንገሩኝ፤ እኔ ይኸው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ደርግ ወደቀ፤ የጸሎት ቤቶቹ ተከፈቱ። አሁን እኛ ሰፈር ያለው ቤተ ክርስቲያን ንጣፍ የተነጠፈበት የመጠመቂያ ገንዳ አለው፤ ውሃውን በኤሌክትሪክ ያሞቁታል። ልጄ እዚያ ተጠምቃለች፤ ቆሜ አጨብጭቤላታለሁ። ወጣቶቹ አገልጋዮች በየዓመቱ ይመጡብኛል። «እማማ ወርቅነሽ፣ ዘንድሮስ? ውሃው እኮ ለብ ያለ ነው» ይሉኛል። ሳቅ ብዬ «ለከርሞ» እላቸዋለሁ። ለብ ማለቱን ማን ጠየቃቸው? እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው የምንገባው ተባብለን ነበር። ብቻዬን አልገባም።

ስልሳን አልፌአለሁ። እስካሁን ደረቅ ነኝ።